ደብተሩ የእኔ፣ ታሪኩስ የማን?

በዚህ እትም የማወጋችሁ ስለ ዲያሪ ነው። አዎ፣ ስለ ዲያሪ። «ይሄ ደሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ፣ እንደርስበታለን።

እኔ 9ኛ ክፍል ሳለሁ ዲያሪ ማለት ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር። ሽፋኑ በጋዜጣ ይለበጣል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያለ ፈቃድ ማንበብ ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል፣ ከዚያ ፍራሽ ሥር ይገባል። ታናሽ ወንድም ካላገኘው በቀር አንባቢው ጸሐፊው ራሱ ብቻ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ስዞር የማገኛቸው ልጆች ግን ውሏቸውን የሚጽፉት ስልካቸው ላይ ነው። ብዙዎቹ የቴሌግራም ቻናል ከፍተዋል፣ ሌሎቹ ፌስቡክ ላይ ይጽፋሉ፣ አንዳንዶቹም ድምፃቸውን ቀድተው ቲክቶክ ላይ ይለቁታል። ፍቅር፣ ፈተና፣ ከቤተሰብ ጋር መጣላት፣ ናፍቆት፣ ሁሉም አለበት። ደስ የሚሉ ጽሑፎች ናቸው። ከእኔ ዘመን ዲያሪ እጅግ የተሻሉም አሉ፣ ይህን ስል እየቀናሁ ነው።

ስለዚህ «አትጻፉ» ልል አይደለም የመጣሁት። መጻፍ የሆድን ሸክም ያቀላል፤ በምክር አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ለወጣቶች ራሳችን የምንመክረው ነገር ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ ብቻችሁን አይደላችሁም። ዴስክ የምትጋራችሁ ልጅ አለች፣ የሰፈር ጓደኛችሁ አለ፣ እናታችሁ አለች። ገጹ የእናንተ ነው፤ ገጹ ውስጥ ያለው ሰው ግን የእናንተ አይደለም።

ያጋጠመኝን አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ሁለት የልብ ጓደኛሞች ናቸው፣ ሁለቱም ሴቶች። አንደኛዋ ወደ 300 የሚጠጉ ተከታዮች ያሉት ቻናል አላት፤ አብዛኞቹ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። ሌላዋ ከተወለደች ጀምሮ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አለ። ከቤተሰቧና ከጤና ጣቢያው ባለሙያዎች ሌላ ይህን የምታውቀው ያችው ጓደኛዋ ብቻ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ለፈተና አብረው ሲያጠኑ አደሩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኳ ጮኸ፣ ተነሳች፣ አንዲት ክኒን በውሃ ዋጠች፣ ተመልሳ ደብተሯን ገለጠች። በቃ፣ ይኸው ነው። ጓደኛዋ ግን ልቧ ተነካ። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ጻፈች። «ስሟን አልጠቅስም» ብላ ጀምራ፣ በየምሽቱ ሳታማርር መድኃኒቷን ስለምትወስድ፣ ከአያቷ ጋር እየኖረች ከክፍሏ አንደኛ ስለምትወጣ ጀግና ጓደኛዋ ከልብ የሆነ ውዳሴ ለቀቀች።

ልብ በሉ፣ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም። እንዲያውም መገለልን የሚቃወም ጽሑፍ ነበር። በፀረ ኤድስ ክበባችን የቡና ፕሮግራም ላይ ቢነበብ ይጨበጨብለት ነበር።

ሰኞ ዕለት ማንም ምንም አላለም። ሁልጊዜ ከእሷ ኮዳ ውሃ የምትጠጣ አንዲት ልጅ ብቻ ኮዳው ሲዘረጋላት «አልጠማኝም» አለች። ባለታሪኳ ልጅ የገባት ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ባለበት ክኒን ማውጣት ፈራች። ዘመድ ቤት ስታድር መድኃኒቱን ቤት ትታ ትሄድ ጀመር፣ የስልኳንም ማስታወሻ ደወል አጠፋችው። በሚቀጥለው የደም ምርመራ ለዓመታት በጣም ዝቅ ብሎ የቆየው የቫይረስ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ከአያቷና ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ነው ወደ መድኃኒቷ በሥርዓት የተመለሰችው። ዛሬ ደህና ናት።

ይህን ታሪክ ከመጻፌ በፊት ባለታሪኳን አስፈቅጃለሁ። ሊያስለያት የሚችለውን ዝርዝር ለዋውጬዋለሁ፣ ጽሑፉን ራሱን አንብቤላት ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጥታኛለች። ምን እንደነበሩ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ዲያሪና ኤች አይ ቪ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ቫይረሱ በደሙ ያለ ወጣት መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ ከወሰደ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ትዳር ይዞ የሚኖርበት ዘመን መጥቷል። በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰና እዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የቆመው «በየቀኑ በሰዓቱ» በሚለው ላይ ነው። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ ይበዛል፣ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ክኒኑን ለመዋጥ መደበቅ የግድ የሆነበት ልጅ አንድ ቀን መዝለሉ አይቀርም። ስለዚህ የጓደኛን ምስጢር መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው ብል አላጋነንኩም።

«ስም አልጠቀስኩም እኮ!»

ይህን አባባል በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እስቲ አብረን እናስላ። ትምህርት ቤታችሁ 2,000 ተማሪዎች አሉት እንበል። «ጓደኛዬ» ብላችሁ በሴት አንቀጽ ከጻፋችሁ 1,000 ያህሉ ወዲያው ወጡ። «የክፍሌ ልጅ» ካላችሁ 30 ሴቶች ቀሩ። «ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች» ስትሉ ምናልባት ሦስት። «ከአያቷ ጋር የምትኖር» ካላችሁ በኋላ ስሟን መጻፍ ምን ይጨምራል? ለአዲስ አበባ ሕዝብ ስም የለሽ ናት፤ ለክፍላችሁ ግን ፎቶዋ ተለጥፏል። ጓደኛችሁን የሚጎዳት ደግሞ የማያውቃት ሕዝብ ሳይሆን በየቀኑ የሚያያት ክፍል ነው። አሁን ስልካችሁን አውጡና ከዚህ በፊት ከጻፋችሁት አንዱን በዚህ ስሌት ሞክሩት። እኔ ይህን መልመጃ በክበባት ስብሰባ ላይ ሳሠራ አዳራሹ ፀጥ ይላል።

የሶሲዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩት ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል ባሳተመው መጽሐፉ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ያያቸዋል። የአንዳንዱ ሰው ልዩነት ገና ሲያዩት ይታወቃል። የሌላው ግን አይታይም፤ እሱ ራሱ ካልተናገረ ወይም ሌላ ሰው ካልተናገረበት ማንም አያውቅም። ለዚህ ለሁለተኛው ሰው የዕለት ተዕለት ሥራው ለማን፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚናገር መምረጥ ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለ ወጣት እንዲህ ነው። የተደፈረች ልጅ፣ አባቱ እስር ቤት ያለ ልጅ፣ ቤታቸው ምሳ የማይኖር ልጅም እንዲሁ። እናንተ ስትጽፉባቸው የምትወስዱባቸው አንድ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ይህን የመምረጥ ሥራቸውን ነው። ነገ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» የሚላት ጓደኛ ወይም የወንድ ጓደኛ ቢመጣ የምትመልሰው እሷ ናት እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ስም መቀየርስ? ስለዚህ የሚያስተምረን በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የወጣት ዲያሪ ነው። አን ፍራንክ አይሁዳዊት ልጅ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ለመደበቅ በአምስተርዳም ከተማ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ ባለ ቤት ውስጥ ከወላጆቿ፣ ከእህቷና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ተሸሽጋ ኖራለች። ዲያሪዋን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1942 ለ13ኛ ዓመት ልደቷ ነው። በመጋቢት 1944 አንድ በስደት ላይ ያለ የኔዘርላንድ ሚኒስትር በሬዲዮ ከጦርነቱ በኋላ የሰዎች ደብዳቤና ማስታወሻ ተሰብስቦ እንደሚታተም ሲናገር ሰማች። ያኔ ለራሷ ብቻ የጻፈችውን ሌላ ሰው ሊያነበው እንደሚችል ገባት። ምን አደረገች? እንደ አዲስ ቁጭ ብላ ጻፈችው። የሚቀነሰውን ቀነሰች፣ ለሰዎቹም ተለዋጭ ስም አወጣችላቸው። የ14 ዓመት ልጅ ነበረች እኮ! በፖሊስ እየተፈለገች፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሆና፣ ስለ ሌሎቹ ስም የምታስብ።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። በተሸሸጉበት ቤት ከአን ጋር አንድ ክፍል የተጋራ ፍሪትዝ ፕፈፈር የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። ሁለቱ ብዙም አይስማሙም። እና አን የሰጠችው ተለዋጭ ስም «ዱሰል» ነው፤ በጀርመንኛ ቂል እንደማለት ነው። ተደብቀው የነበሩት ስምንቱም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1944 ተያዙ። ከሞት የተረፈው የአን አባት ብቻ ነው። አን በ15 ዓመቷ፣ ፕፈፈርም በሌላ የማጎሪያ ካምፕ ሞቱ። አባቷ ዲያሪውን እ.ኤ.አ. በ1947 ሲያሳትመው አንዳንድ ክፍሎችን አስቀርቶ ነበር፣ «ዱሰል» ግን አልቀረም። መጽሐፉ ዓለምን አዳረሰ፣ በ1955 ደግሞ ለመድረክ በቃ። ፕፈፈርን ትወደው የነበረችው ሴት በሕይወት ነበረች። እሷ የምታውቀውን ሰው ሕዝብ እንደ ቂል ሲስቅበት ማየት ከባድ ሐዘን ሆነባት። ስሙ ተቀይሯል፤ ለእሷ ግን ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። እሱ ደግሞ መልስ የሚሰጥበት አንደበት የለውም።

አን ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሳው። በ14 ዓመት አንድ ጠባብ ክፍል ከትልቅ ሰው ጋር ተጋርቶ አለመናደድ አይቻልም፤ ዲያሪም የተፈጠረው ለዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ስም መቀየር የሚያውቋቸውን ሰዎች ዓይን እንደማይሸፍን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አለመኖሩ ነው። እናንተ ደግሞ ከአን የሚሻል ዕድል አላችሁ። የምትጽፉበት ሰው በሕይወት አለ፣ ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ልትጠይቁት ትችላላችሁ።

እንዴት ይጠየቃል?

«ስለ አንቺ ልጽፍ ነው፣ ችግር የለውም አይደል?» ይህ ጥያቄ አይደለም። እኛ አገር ደሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ጓደኛችሁ «ግድ የለም» ብትል እሺ ማለቷ ላይሆን ይችላል፤ ላለማስቀየም ነው። በተለይ ሌሎች ልጆች ባሉበት ከጠየቃችኋት እምቢ የምትልበት ፊት ከየት ታመጣለች? እምቢ ብትል ራሱ «ምን የምትደብቀው ነገር አለ?» መባል ይመጣል። ስለዚህ ለብቻዋ ሆና፣ የጻፋችሁትን ራሱን አንብቡላት። ሐሳቡን አይደለም፣ ጽሑፉን። የት እንደምታወጡትና እነማን እንደሚያዩት ንገሯት። ከዚያ «ዛሬ አትመልሺልኝ» በሏት። ሁለት ቀን አሳድራ «ይቺን ቦታ ብታወጫት» የምትላችሁ ከሆነ እውነተኛው መልስ እሱ ነው። ደብተር ላይ ፈቀደች ማለት ቻናል ላይ ፈቀደች ማለት አይደለም። ዛሬ ፈቅዳ ነገ ሐሳቧን ብትቀይርም መብቷ ነው፣ ማኩረፍ የለም።

በዚህ ሥራ ላይ በጣም የሚከብደኝ ግን የጓደኛ ጉዳይ አይደለም። አንድ ወጣት ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ቢሆንና «እኔ መደበቅ ሰልችቶኛል፣ ስለ ራሴ በግልጽ ልጽፍ ነው» ቢል፣ ምስጢሩ የራሱ ነው። ግን «ከቫይረሱ ጋር ነው የተወለድኩት» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ እናቱም ይናገራል። እናቱ ለጎረቤት፣ ለዕድሯ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ ተናግራ ላታውቅ ትችላለች። ባልደረቦቼ በዚህ ላይ አይስማሙም። አንዳንዶቹ እናት ካልፈቀደች ልጁ መጻፍ የለበትም ይላሉ። እኔ በበኩሌ እንዲህ አላስብም፤ ሰው የገዛ ሕይወቱን እንዳይናገር ዕድሜ ልኩን በሌላ ሰው ፈቃድ መታሰር የለበትም። ነገር ግን እናትየው ነገሩን ከገበያ ከመስማቷ በፊት ከልጇ አፍ መስማት አለባት፣ ለመዘጋጀትም ጊዜ ያስፈልጋታል። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ አንድ ዓመት ጠበቃት። በዚያ ዓመት ውስጥ ለእህቷና ለሁለት ወዳጆቿ ራሷ ነገረቻቸው። እሱ ሲጽፍ እሷ ላይ አዲስ ነገር አልሆነባትም።

ስለ ሕጉም ትንሽ ልበላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወትና የሚጻጻፈውን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ አስገብቶታል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ አንቀጽ 31 ደግሞ ምስጢራዊ ደብዳቤ የተላከለት ሰው የጸሐፊውን ፈቃድ ሳያገኝ ይዘቱን እንዳይገልጽ ያዛል። ደብዳቤው ለአንተ ቢላክም ቃሉ የላኪው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ስክሪንሾት የሚባል ነገር የለም፤ ቁም ነገሩ ግን ኢንቦክስ ከፍታችሁ የጓደኛችሁን ቃል ቀድታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ልታስቡበት የሚገባው ራሱ ነው።

«ቻናሌ ዝግ ነው፣ ኮፒ ማድረግም ከልክያለሁ» የሚሉኝም አሉ። ጥሩ ነው፣ አድርጉት። ሌላ ስልክ አንስቶ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ግን ማንም አይከለክልም። ፎቶ ስትለጥፉም ፊት ብቻ አትዩ። ጀርባ ላይ ያለውን የቀጠሮ ካርድ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የጤና ጣቢያ ወንበር ተመልከቱ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። ምስጢር መጠበቅ ማለት ዝም ማለት አይደለም። ጓደኛችሁ ራሷን ልታጠፋ እንደምታስብ ከነገረቻችሁ፣ ወይም የሚመታት፣ የሚያስገድዳት ሰው ካለ፣ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ዛሬውኑ ተናገሩ። መምህር ይሁን፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ነርስ ወይም ዘመድ። ተደፍራ ከሆነማ ሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ስለዚህ አብራችኋት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለአንድ ሊረዳ ለሚችል ሰው መንገር አንድ ነገር ነው፤ ለ300 ሰው መጻፍ ሌላ።

«እኔ እኮ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?» የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አጥፉት። ሌላ ቦታ ያስተላለፈው ሰው ካለ እሱንም አንድ በአንድ ለምናችሁ አስጠፉት። ከዚያ ለጓደኛችሁ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት ራሳችሁ በአካል ንገሯት፤ ብትቆጣም ቁጣዋን ተቀበሉ። አደራችሁን ይቅርታውን ግን እዚያው ቻናል ላይ አትጻፉት። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየው ሰው ከይቅርታው ያውቃልና።